የባኽን ሕማማት ልዘምር ገብቼ «ላ 415» አሉኝ፤ ምን ማለት ነው?

አልቶ_ነኝ_መሰለኝ፦

ሰላም ቤቶች። ሙዚቃ የሚገባችሁ ሰዎች እዚህ እንደማትጠፉ ስለማውቅ ነው የመጣሁት፣ ሳትስቁብኝ መልሱልኝ።

ፍራንክፈርት ነው ያለሁት፣ ነርስ ነኝ። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ መድኃኒት እየደረደርኩ ሳንጎራጉር የሥራ ባልደረባዬ ሰማችኝና «አንቺ እኮ አልቶ ነሽ!» አለችኝ። በሽታ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ለካ ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ ነው አልቶ የሚባለው። እሷ ትንሽ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፣ 25 ሰው ያህል ናቸው፣ አብሯቸው የሚሠራው ቡድን ደግሞ የሚጫወተው በባሮክ ዘመን (በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን) መሣሪያ ነው። በፈረንጆቹ ስቅለት የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን የዮሐንስ ሕማማት፣ የጌታን መከራ ከዮሐንስ ወንጌል የሚተርከውን ሙዚቃ፣ ሊያቀርቡ ነው፣ አልቶ አጥሯቸዋል፣ እኔም «እሺ» አልኩ። ምን ውስጥ እንደገባሁ የገባኝ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት 11 ዓመት ዘምሬያለሁ። ከበሮ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ሁላችንም የምንለው አንድ ዜማ ነው። ኖታ የተማርኩት እዚህ መጥቼ ነው፣ ያውም ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን በጣቴ እየተከተልኩ።

ለመጀመሪያው ልምምድ ሳምንት ሙሉ በስልኬ ፒያኖ ተዘጋጀሁ። የመክፈቻውን የአልቶ መስመር በቃሌ ይዤ ኮራ ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ሃርፕሲኮርዱ (ፒያኖ የሚመስለው የድሮ መሣሪያ) ድምፅ ሰጠ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሌላ፣ እዚያ የሚሰማው ሌላ! ሁሉም ነገር ወረደብኝ። መሪው «እኛ ላ 415 ነን» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም አብሬ ነቀነቅኩ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ቀጥሎ «ድምፃችሁን አታንቀጥቅጡ» መጣ። ቀጥሎ «ሁሉንም ቃል እኩል አትጫኑ»። ቀስ ብለው የሚዘመሩት አጫጭር መዝሙሮች ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሳላውቀው ከአልቶ ወጥቼ ሶፕራኖዎቹ (ላይኛውን ድምፅ የሚይዙት ሴቶች) ዜማ ላይ ተገኘሁ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግ ብላለች፣ ግን አየችኝ።

ሌላው ደግሞ እኔ ሁዳዴ ላይ ነኝ። በእረፍት ሰዓት ሁሌ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ነው የሚቀርበው፣ እምቢ ስል ሰው ቅር የሚለው ይመስለኛል። እማዬ በስልክ ስነግራት «የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው?» አለችና ዝም አለች። ዝምታዋን ታውቁታላችሁ፣ የእናት ዝምታ።

ልቀጥል ወይስ ሳላዋርዳቸው ልውጣ? ኮንሰርቱ 6 ሳምንት ቀርቶታል።


ባስ_ከሽቱትጋርት፦

እህቴ፣ አልቶነት በሽታ ነው፣ አልተሳሳትሽም። እኔን ባስ፣ የወንዶች ዝቅተኛው ድምፅ፣ ይዞኝ 9 ዓመቴ ነው፣ መድኃኒት የለውም።

መጀመሪያ 415ን እንጨርስ። «ላ» የምትባለው ኖታ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደምትነዝር የሚናገር ቁጥር ነው። ዛሬ የተለመደው 440 ነው፣ ስልክሽም የተቃኘው በዚያ ነው። በባኽ ዘመን ግን ሁሉም የተስማማበት መለኪያ አልነበረም። ከተማው የራሱ፣ አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያኑም የራሱ ቅኝት ነበረው፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ኦርጋኑ ከፍ ብሎ የእንጨት መሣሪያዎቹ ዝቅ ብለው ይገኛሉ። እንግዲህ የዛሬዎቹ ተጫዋቾች ከተለያየ አገር መጥተው አብረው እንዲሠሩ አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ፣ 415። ከ440 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ነው። ግማሽ ድምፅ ስለሆነ ይመቻል፣ ብዙ ሃርፕሲኮርዶች ላይ የቁልፎቹን ሰሌዳ አንድ ቁልፍ ወደ ጎን ገፋ ስታደርጊው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። የዚያን ቀን ቀረብ ብለሽ እዪው፣ ጫፉ ላይ ክፍተት አለው።

ስለዚህ ስልክሽም ጆሮሽም ደህና ናቸው። እንዲያውም ጆሮሽ ጥሩ ነው፣ ግማሽ ድምፅ መውረዱን የማያስተውል ስንት ሰው አለ። የፒያኖውን መተግበሪያ ማስተካከያ ክፈቺና 440 ያለውን 415 አድርጊው፣ በቃ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ሶፕራኖዎች 415ን ይወዱታል፣ ላይ ያለው ይቀልላቸዋል። ለአንቺና ለእኔ ግን ታች ያለው ይባስ ይወርዳል። እዚያ ስትደርሺ አትጫኚው፣ ከጫንሽው ድምፁ ይጠፋል።

ከሶፕራኖው ጋር ስለመሄድሽ፦ «አትስሚያቸው» የሚልሽ ሰው ይኖራል፣ የማይረባ ምክር ነው፣ ጆሮ በር የለውም። ይልቅ ባሱን ስሚ። ባሱ መሬቱ ነው፣ እሱ ላይ ከቆምሽ ሶፕራኖዋ ከላይ ብትበርም አትወስድሽም። እነዚያ አጫጭር መዝሙሮች ኮራል ይባላሉ፣ ዜማው ሶፕራኖ ላይ ነው፣ ጆሮሽም የለመደው ዜማውን ስለሆነ ወደዚያ መሳቡ አያስደንቅም። ቤትሽ አንዱን ኮራል በቀን አንድ ጊዜ፣ ሶፕራኖውን በስልክ እያጫወትሽ አንቺ አልቶውን በይ። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ፣ ያለ ቃል፣ «ኑ ኑ ኑ» እያልሽ። በአሥረኛው ቀን የሚሆነውን ታያለሽ። እርሳስ ይዘሽ ሂጂ። እርሳስ የሌለው ዘማሪ መሪ ፊት ማተቡን እንደበጠሰ ሰው ነው የሚታየው።

ቅር ይላቸዋል ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ። ባኽ ራሱ ይህን ሕማማት መጀመሪያ ሲያቀርብ ከኃላፊዎች ጋር ተነታርኮ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ጊዜው ኤፕሪል 7 ቀን 1724፣ የስቅለት ዕለት፣ ላይፕዚግ። ሥራውን ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ወረቀት አሳትሞ ጨርሷል። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ «የዘንድሮው ተራ የቅዱስ ኒኮላስ ነው» አለው። እሱም «እሺ፣ ግን እዚያ ያለው ሃርፕሲኮርድ ጥገና ይፈልጋል፣ ሰገነቱም ይጠባል» አለ። አስተካከሉለት፣ ወረቀቱም እንደገና ታተመ። የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ያየ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም።


አውታር_10፦

እኔ ዘማሪ አይደለሁም፣ በገና ነው የምደረድረው፣ ሜሪላንድ። ግን ስለዚህ ነገር አንድ የምለው አለኝ።

አምና አንድ የባሮክ ቡድን ሰፈራችን ካለ ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ነበር፣ ለመስማት ሄድኩ። ወደ ፊት ነው የተቀመጥኩት። አንዲት ሴት በሁለት ጉልበቷ መሃል አቅፋ የያዘችው ትልቅ መሣሪያ አለ፣ ቪዮላ ዳ ጋምባ ይሉታል። ቼሎ ይመስላል ግን ቼሎ አይደለም፣ መሬት የሚነካ እግር የለውም፣ ደጋኑን መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትይዘው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ድምፅ መከፋፈያው በክር የታሰረ ነው። በያንዳንዱ ሙዚቃ መሃል ትቃኛለች። እንደገና ትቃኛለች። ሰው ሳል ጀመረ፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ መሰለኝ፣ በገና ሊደረድር ሲቀመጥ ሰው ፊት ግማሽ ሰዓት የሚቃኝ ሰው ያውቀዋል።

በእረፍት ቀረብ ብዬ «ምንድን ነው ክሩ?» አልኳት። «የበግ አንጀት» አለችኝ፣ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ። ሳቄ መጣ። «የኔም» አልኳት፣ «አሥር አለኝ»። ስልኬን አውጥቼ የበገናዬን ፎቶ አሳየኋት። ከአውታሩ ሥር የምናስገባትን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ ጠየቀችኝ። ለዚያ ጥዝታ ብለን ነው አልኳት። «እኛ ጥዝ ሲል ተበላሸ ብለን ነው የምንጠግነው» አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

ወደ ቁም ነገሩ። አንጀት ሙቀትና እርጥበት አይችልም። ሰው ሲበዛና ሻማ ሲበራ ይለወጣል። ስለዚህ ኮንሰርቱ ላይ ተጫዋቾቹ ሲቃኙ አትደንግጪ፣ አንቺም ውኃሽን ጠጪ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ። የአንጀት ድምፅ ከብረቱ ዝቅ ያለና ሸካራ ነው፣ የጥንቱ ቫዮሊን ደጋንም ቀላል ነው፣ እንጨቱ ወደ ውጭ ለጠጥ ያለ፣ የማሲንቆን ደጋን በጥቂቱ ያስታውሳል። ስቦ ስቦ አንድ ዓይነት ድምፅ ለማውጣት አይመችም፣ ጀምሮ ጠንከር ይልና ይሳሳል። «ሁሉንም ቃል እኩል አትጫኑ» ያለሽ ለዚህ ይመስለኛል፣ እናንተ ስትጫኑ እነሱ ሲያሳሱ አይገጥምማ።

በነገራችን ላይ ጋምባዋን በዮሐንስ ሕማማት ውስጥ ጠብቂያት። ጌታ «ተፈጸመ» ካለ በኋላ ያለው የአልቶ ብቸኛ መዝሙር ላይ ናት። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ድንገት የድል ጩኸት ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወድቃል። እኔ ያን ቀን ሰምቼ ወደ ቤቴ የነዳሁት ሬዲዮ ሳልከፍት ነው።


ትልቁን_እወዳለሁ፦

ይቅርታ ግን ይህ «የድሮ መሣሪያ» ነገር ፋሽን ነው። እኔ በጀርመናዊው የሙዚቃ መሪ በካርል ሪሽተር የ1964 ቅጂ ነው ያደግኩት፣ ትልቅ ኳየር፣ ትልቅ ኦርኬስትራ፣ «ስቀለው» ሲሉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። የዛሬዎቹ 20 ሰው ይዘው ይሮጣሉ፣ የትኛው ባቡር እንዳመለጣቸው እንጃ። ድሮ ስለነበረ ብቻ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ጠያቂዋ ቤቷ ትቀመጥ፣ በባኽ ላይፕዚግ ቤተ ክርስቲያን ሴት አትዘምርም ነበር። ሶፕራኖና አልቶው ወንዶች ልጆች ነበሩ።


አልቶ_ነኝ_መሰለኝ፦

@ትልቁን_እወዳለሁ እኛም ጋ ማኅሌት የሚቆሙት ወንዶች ናቸው እኮ፣ ለምጄዋለሁ 😅 አልወጣም።


ባስ_ከሽቱትጋርት፦

@ትልቁን_እወዳለሁ ሪሽተርን እኔም እወደዋለሁ፣ እሱ ላይ አልጣላህም። ግን «ፋሽን» ስትል፣ 70 ዓመት ያለፈው ነገር ፋሽን ይሆናል? የሙዚቃ መሪው አርኖንኩር ቪየና ላይ የጥንት መሣሪያ ቡድኑን ያቋቋመው 1953 ነው። እሱና ሆላንዳዊው ሌዮንሃርት የባኽን የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎች (በኳየር፣ በብቸኛ ድምፅና በመሣሪያ የሚቀርቡ መዝሙሮች) በሙሉ በጥንት መሣሪያ መቅዳት የጀመሩት በ1971 ነው፣ ሲጨርሱ ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞላቸው ነበር። ጃፓናዊው ማሳአኪ ሱዙኪም ኳየሩን በ1990 መሥርቶ ካንታታዎቹን 55 ሲዲ አድርጎ በ2013 ጨርሷል። ጃፓናዊ ከቻለ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ምን ያግዳታል?

የሰው ቁጥሩን በተመለከተ ባኽ ራሱ የጻፈው አለ። በ1730 ለከተማው ምክር ቤት ባስገባው አቤቱታ አንድ ኳየር ቢያንስ 12 ሰው ያስፈልገዋል ይላል፣ በየድምፁ 3፣ 16 ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ምክንያቱ ደስ ይለኛል፣ አንዱ ቢታመም ነው። ቀጥሎ ልጆቹን ይቆጥራል፦ 17 የሚጠቅሙ፣ 20 ገና ያልደረሱ፣ 17 ጭራሽ የማይረቡ። እኔ ከየትኛው ምድብ እንደምሆን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ። በኋላ ደግሞ ሪፍኪን የሚባል አሜሪካዊ በ1981 ተነስቶ «12ቱ በየተራ የሚመደቡበት ስብስብ እንጂ አብረው የሚዘምሩ አይደሉም፣ በአንድ ድምፅ አንድ ሰው ነበር» አለ። ሙዚቃ አዋቂዎቹ እስከ ዛሬ ይጣሉበታል። እኔ ሁለቱንም ዘምሬያለሁ። አንድ ሰው በአንድ ድምፅ ስትሆን መደበቂያ የለህም፣ ያን ቀን ሸሚዜ ተጨምቋል።

ግን እኔን ያሳመነኝ ታሪኩ ሳይሆን መክፈቻው ነው። ሁለቱ ኦቦዎች (የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዎች) እየተጋጩ፣ እየተፋጩ ነው የሚገቡት፣ ከሥራቸው ባሱ አንድ ቦታ ቆሞ ይመታል። ብዙ ቫዮሊን ከሞላበት ያ ፍጭት ይሰጥማል። ትንሽ ቡድን ሲሆን ግን ጥርስህን ያሳክክሃል። ከዚያ ኳየሩ «ጌታ! ጌታ! ጌታ!» ብሎ ይገባል። ይህን አንዴ ቁጭ ብለህ ስማው፣ ከዚያ እንጣላ።

ስለ ድምፅ ማንቀጥቀጥ ግን ግማሹን እውነት ልስጥህ። የሞዛርት አባት ሌኦፖልድ በ1756 በጻፈው የቫዮሊን ማስተማሪያ ውስጥ እያንዳንዱን ኖታ እያንቀጠቀጡ የማይለቅ ትኩሳት እንደያዘው ሰው የሚጫወቱትን ይነቅፋል። ከነቀፈ የሚያደርጉት ነበሩ ማለት ነው። ስለዚህ «ያኔ ማንም አያንቀጠቅጥም ነበር» የሚልሽ ካለ እህቴ፣ አጋኗል። እንደ ጌጥ አንዳንድ ቦታ ጣል ማድረግ ነበር፣ እንደ በርበሬ። ኳየር ውስጥ ግን የ6 አልቶ ድምፅ ስድስት ቦታ ከተንቀጠቀጠ አብሮ የሚሰማው ድምፅ ይቆሽሻል፣ መሪሽ ያለው ይህን ነው።


የድጓ_ቤት፦

ልጄ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ስለ ፈረንጅ ዜማ የማውቀው ጥቂት ነው፣ ልጄ እዚህ ኮሌጅ ኦርጋን ተምሮ ቤት ውስጥ ሲጫወት ከሰማሁት በቀር። ነገር ግን «ኖታ በጣቴ እየተከተልኩ» ያልሽው አሳዘነኝና ልጽፍ ወደድኩ።

አንድ ቀን የልጄን ወረቀት አየሁት። ከታች ባለው የባስ መስመር አጠገብ ትንንሽ ቁጥሮች ተጽፈዋል፣ 6፣ 7፣ እንደገና 6። «ይህ ምንድን ነው? የገጽ ቁጥር ነው?» አልኩት። «አይ አባዬ፣ ይህ ብቻ ነው የተጻፈልኝ፣ ሌላውን ጣቴ ነው የሚሞላው» አለኝ። ከባሱ በላይ ስድስተኛውን ድምፅ ያዝ ይላል እንጂ እንዴት እንደሚያዝ፣ ስንት ጣት፣ ተበትኖ ነው ተሰብስቦ፣ አይልም። ያን የሚያውቀው ከመምህር የተማረ ነው።

ይህን ሲለኝ ድጓውን አወጣሁለት። ከቃሉ በላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች አሳየሁት። አንድ ሁለት ፊደል ናት፣ ግን በዚያች ፊደል የሚታወስ ሙሉ የዜማ ስልት አለ፣ መምህር አጠገብ ሳይቀመጥ ማንም ከወረቀቱ ብቻ አንብቦ አያወጣውም። እኔ ጾመ ድጓ ስማር የኔታ ወረቀት እንዳይ ከልክለውኝ ነበር። መጀመሪያ በጆሮ፣ ከዚያ በቃል፣ ምልክቱ መጨረሻ። እንግዲህ አንቺ 11 ዓመት በጆሮ ተምረሻል። እነዚያ ፈረንጆች ወረቀት አይተው የሚፈልጉትን ነገር ግማሹን ይዘሽ ነው የሄድሽው። ጎደለብሽ የምትይው ሌላ ድምፅ እየሰሙ የራስን መያዝ ነው፣ ያ ደግሞ ልምድ ነው፣ ይመጣል።

ስለ እናትሽ ዝምታ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፣ ፈርጄ አልነግርሽም። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ሳይሸሸጉ መጠየቅ ጥሩ ነው። የራስሽን ቅዳሴ ትተሽ ከሆነ ይቆጡሻል፣ ልክ ናቸው። ለኬኩ ግን መፍትሔ አለኝ፣ ቆሎ ይዘሽ ሂጂ። አቅርቢላቸው፣ የሚያቀርብ ሰው እምቢ አለ አይባልም።


ከአሽዶድ፦

ሁላችሁም ስለ ድምፁ ነው ያወራችሁት፣ እኔ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላንሳ። አትቆጡኝ።

ከጓደኛዬ ጋር ሆኜ ይህን ሙዚቃ ሰምቼዋለሁ፣ ውብ ነው፣ አልክድም። ግን ጽሑፉን በትርጉም እየተከተልኩ ነበር። የዮሐንስ ወንጌል «አይሁድ» እያለ ነው የሚሄደው፣ ባኽም ለዚያ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ኳየሩን ነው፣ «ስቀለው» የሚለው ያ ነው። በጣም ፈጣን፣ በጣም የሚነድፍ፣ ሰው ሰልፍ ላይ ሲያብድ የሚመስል። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፣ አያቴ ጎንደር ውስጥ በስቅለት ሳምንት ከቤት አንወጣም ነበር ትለኝ ነበር። እና እኔ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ እሷን ነበር የማስበው።

አትዘምሪ እያልኩሽ አይደለም። ብዙ ኳየሮች በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ስለዚህ ይጽፋሉ፣ ወይም ከኮንሰርቱ በፊት ንግግር ያዘጋጃሉ። ኮራሎቹ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ «ማን እንዲህ መታህ?» ብሎ ይጠይቅና «እኔ ነኝ፣ የኔ ኃጢአት ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ጣቱን ወደ ራሱ ነው የሚያዞረው። መሪያችሁ ስለዚህ ምን እንደሚል ጠይቂው። ካልመለሰልሽ ያ ራሱ መልስ ነው።


አልቶ_ነኝ_መሰለኝ፦

ቤቶች፣ ተመለስኩ። ኮንሰርቱ ካለፈ 4 ቀን ሆነው። ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ።

415 ተፈታ። መተግበሪያዬን ቀየርኩት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ሥራ ቦታ ያለው የማስጠንቀቂያ ደወል ራሱ ልክ ያልሆነ መሰለኝ። ኮራሎቹን @ባስ_ከሽቱትጋርት እንዳልከው «ኑ ኑ ኑ» እያልኩ በየቀኑ ሠራሁ። ጎረቤቴ ሕፃን አለሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ልምምድ ላይ ነው የሆነው፣ ሶፕራኖዎቹ አጠገቤ ዜማውን ይላሉ፣ እኔ የራሴን እላለሁ፣ ባሱ ከሥር አለ፣ እና ድንገት ሦስቱም አብረው ሲሰሙኝ መዘመሬን አቁሜ አዳመጥኩ። መሪው አስቆመን፣ ይቅርታ ጠየቅኩ።

@የድጓ_ቤት፣ አባቴ፣ ቆሎውን ወሰድኩ። ገብስና ሽምብራ፣ ከለውዝ ጋር። በአንድ ቀን አለቀ፣ በሁለተኛው ልምምድ ኬኩ ተረሳ። በሦስተኛው ግን መሪው ከለከለው፣ ጉሮሮ ያደርቃል አለ፣ እውነቱን ነው፣ አንዱ ቴነር ኮራል መሃል ላይ ትን ብሎት አቋረጠን። ንስሐ አባቴንም ጠየቅኳቸው። ያሉኝ በእኔና በእሳቸው መሃል ይቅር፣ ግን ዘምሬያለሁ፣ ቅዳሴም አልቀረሁም።

@ከአሽዶድ ጠየቅኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። በሚቀጥለው ልምምድ ወረቀት ይዞ መጣና ግማሽ ሰዓት ስለዚህ ተነጋገርን፣ አንድ ሰው አለቀሰ፣ አንድ ሰው «እኛ ሙዚቀኞች ነን» ብሎ ተቆጣ። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ገጽ ተጻፈ። የአያትሽን ነገር እኔ ተናግሬዋለሁ፣ ስም ሳልጠራ፣ ተቀይመሽ ከሆነ ንገሪኝ። «ስቀለው»ን ስንል ፊቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ እጄ ግን ማኅደሩን ጨምድዶ ይዞት ነበር፣ ጣቴ ላይ ምልክት ቀርቷል።

የዕለቱ ነገር ደግሞ ይኸው። ቤተ ክርስቲያኑ በረዶ ነው፣ በጥቁር ልብሴ ሥር ሁለት ሹራብ ለብሻለሁ። ሰው ሲሞላ ሞቀ፣ ተጫዋቾቹም መቃኘት ጀመሩ፣ @አውታር_10 ትዝ አልከኝ። ሁለተኛው ክፍል መሃል አንዱ ቫዮሊን ላይ ክር ተበጠሰ፣ ጧ! ከኳየሩ ግማሹ ዘለለ። ልጁ ምንም ሳይመስለው ከኪሱ ትንሽ ጥቅል አውጥቶ እዚያው ቀየረው፣ ቀጣዩን ሁለት መዝሙር ሳይጫወት ተቀመጠ፣ ከዚያ ገባ። ጋምባዋ «ተፈጸመ» ላይ ስትጀምር ከእኔ ሦስት ሜትር አትርቅም ነበር። ክሩን ስትነካው የጣቷ ድምፅ ራሱ ይሰማል፣ ከድምፁ በፊት ሽር የሚል ነገር። በሲዲ ላይ ይህ የለም።

የተሳሳትኩት አንድ ቦታ ነው፣ የመጨረሻው ትልቅ መዝሙር ላይ፣ «በሰላም ረፍ» የሚለው፣ አንድ ምት ቀድሜ ገባሁ። ብቻዬን። ያቺ መጀመሪያ ያየችኝ ሴትዮ እንደገና አየችኝ። ከዚያ በሚቀጥለው መግቢያ ላይ ክንዷን በክንዴ ነካ አድርጋ አስገባችኝ።

ቤት ስገባ እማዬ ደወለች፣ «አለቀ?» አለች፣ አለቀ አልኳት። እኛ ገና ሆሣዕና ልንገባ ነበር፣ የራሳችን ስቅለት ገና አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። «እንግዲህ ሁለት ጊዜ ልታለቅሺ ነው» አለችኝ። ቅጂውን ላኪልኝ ግን አለች።

አሁን አዲስ ችግር። ለመኸር የጣሊያናዊውን አቀናባሪ የሞንቴቬርዲን የ1610 ቬስፐር (የሠርክ ጸሎት ሙዚቃ) እንሠራለን ብለው ኖታ ሰጡን። ቤቴ መጥቼ በ415 መለማመድ ጀመርኩ፣ ኮርቼ፣ ትላንት ደግሞ መሪው ኢሜይል ላከ፦ «ይህኛው በ466 ነው»።


ባስ_ከሽቱትጋርት፦

😂😂 ከ440 ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ። ሶፕራኖዎችሽ አነበቡት?